የእንጀራ ዓይን ለምን ከላይ ብቻ ሆነ?

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ቤት ነበርኩ። እሷ እንጀራ ትጋግራለች፤ እኔ ማዕድ ቤቱ በር ላይ ዱካ ስቤ ስልኬን እነካካለሁ። ባትሪው አለቀ። ሶኬቱን ደግሞ ምጣዱ ይዞታል። ሌላ የማደርገው ሳጣ ምጣዱን ማየት ጀመርኩ።

እንጀራ ሲጋገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዳየሁ እንጃ። ያን ቀን ግን ቁጭ ብዬ አየሁት። ሊጡን ከዳር ጀምራ እያዞረች ወደ መሀል ታፈሰዋለች። ለጥቂት ሰከንዶች ምንም የለም፤ እርጥብ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ልሙጥ ነገር ነው። ከዚያ ዳር አካባቢ አንዲት ቀዳዳ ብቅ ትላለች። ሁለት ትሆናለች። አምስት። ከዚያ ወዲያ መቁጠር የለም፤ ዓይኑ ከዳር ተነስቶ ወደ መሀል ይገሰግሳል። ሊጡ መጀመሪያ ያረፈው ዳር ላይ ስለሆነ ቀድሞ የሚበስለውም፣ ቀድሞ ዓይን የሚያወጣውም እሱ ነው። እርጥበቱ ሲመጠጥ መልኩ ፈዘዝ ይላል። ይሄኔ አክንባሎው ይከደናል።

ወጥቶ ሰፌድ ላይ ሲዘረጋ ጠርዙን ገለብ አድርጌ ከሥሩ አየሁት። ልሙጥ ነው። አንድ ቀዳዳ የለውም።

«እማዬ፣ ዓይኑ ለምንድን ነው ከላይ ብቻ የሆነው?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ?»

ወደ እንጀራው እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ያቺ ጥያቄ ከየት እንደመጣች ማየት እፈልጋለሁ። ምክንያቱም ፈጠራ የምንለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከእንዲህ ዓይነቷ ትንሽ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፈጠራ የሚለው ቃል ራሱ በአማርኛ ያስፈራል። ከፈጣሪ ጋር አንድ ሥር ነው። ከባዶ ተነስቶ ዓለምን ማቆም ይመስላል። ወይም ወደ ሌላው ጫፍ ይወርድና «የፈጠራ ወሬ» ይሆናል፤ ውሸት ማለት ነው። በፈጣሪና በውሸታም መሀል ለተራ ሰው የተረፈ ቦታ ያለ አይመስልም። ስለዚህ «እኔ እንኳን ፈጠራ ላይ የለሁበትም» ብለን ነገሩን ለሠዓሊውና ለገጣሚው እንተወዋለን።

ሌላ ቃል ግን አለን። ልብ ማለት። «ልብ በል» ሲባል የተጠራው ዓይን አይደለም፣ ልብ ነው። አንድ ነገር ፊታችን ተገትሮ፣ ዓይናችን ላይ አርፎ፣ ልባችን ጋ ሳይደርስ ሊቀር እንደሚችል ቋንቋችን ያወቀ ይመስላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህንኑ በሙከራ አሳይተውታል።

አንዱን ሙከራ አሁኑኑ በራሳችሁ ላይ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። የአንድ ብር ሳንቲም ላይ አንበሳ አለ። ወደ ቀኝ ነው የሚያየው ወደ ግራ? አፉ ተከፍቷል ወይስ ተዘግቷል? በሌላኛው ገጽ ላይስ ምን አለ? ኪሳችሁ ሳትገቡ ወረቀት ላይ ሣሉት። ከዚያ አውጥታችሁ አስተያዩ።

ካልሆነላችሁ አትዘኑ። እ.ኤ.አ. በ1979 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ኒከርሰንና አዳምስ፣ ይህንኑ በአገራቸው የአንድ ሳንቲም ገንዘብ ሞክረውት ነበር። ሰዎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲቀበሉትና ሲከፍሉበት የኖሩት ነው። ሳንቲሙ ላይ ካሉት ስምንት ዋና ዋና ነገሮች መካከል አስታውሰው በትክክለኛ ቦታው ያስቀመጡት በመካከለኛ ግምት ሦስቱን ብቻ ነበር። ሳንቲሙ ላይ ያለው ፕሬዚዳንታቸው ሊንከን ወዴት ዞሮ እንደሚያይ እንኳ ብዙዎቹ ተሳስተዋል።

የማስታወስ ድክመት አይደለም። ሳንቲሙን ለመጠቀም ያን ሁሉ ማወቅ አያስፈልግም። መጠኑና ቀለሙ ይበቃል። አእምሮ ደግሞ ቆጣቢ ነው፤ የማያስፈልገውን አይገዛም።

ቁጠባው ከዓይን ይጀምራል። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ የአውራ ጣታችሁን ጥፍር እዩት። ዓይናችሁ በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያየው ያቺን የምታህል ቦታ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ብዥ ያለ ነው። ብዥታው የማይሰማን ዓይናችን በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ከቦታ ቦታ ስለሚዘል፣ ክፍተቱን ደግሞ አእምሮ ከዚህ በፊት በሚያውቀው ስለሚሞላው ነው። ቤታችሁ ስትገቡ ሳሎኑን እንደ አዲስ እያያችሁት አይደለም። ግማሹን ከትናንቱ እየቀዳችሁ ነው። አንድ ሰው ሶፋውን ቢያዞረው ትነቃላችሁ፤ ካላዞረው ሶፋው የለም ማለት ይቻላል።

ይህ ባይሆን ኖሮ መኖር አንችልም ነበር። ከመገናኛ ሜክሲኮ የሚሄድ ሰው እያንዳንዱን የረዳት ጥሪ፣ እያንዳንዱን ጥሩንባ፣ እያንዳንዱን የሱቅ ታፔላ ልብ ቢል ሥራ ከመግባቱ በፊት ራሱን ያመው ነበር። ስለዚህ መልመድ ጸጋ ነው። ክፋቱ ሲያልፍ አለማሳወቁ ነው። አንድን ነገር ማየት ያቆምንበት ቀን ደውል አይደወልም።

ባለሙያ መሆንም ከዚህ አያድንም። ይህን ሳነብ ደንግጫለሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት፣ የሳንባ የሲቲ ስካን ምስል የሚያነቡ 24 ሐኪሞች በምስሉ ውስጥ ዕጢ እንዲፈልጉ ተጠየቁ። ተመራማሪዎቹ ታዲያ ተንኮል ሠርተው ነበር። ምስሉ ውስጥ የጎሪላ ሥዕል አስገብተዋል። ጎሪላው ከሚፈለገው ዕጢ 48 ጊዜ ይበልጣል። ከ24ቱ ሐኪሞች 20ዎቹ አላዩትም። የዓይናቸው እንቅስቃሴ ተመዝግቦ ስለነበር ብዙዎቹ ቀጥታ ጎሪላው ላይ አፍጥጠው እንደነበር ታውቋል። ዓይን አየ፣ ልብ አላለም።

ሐኪሞቹ ሰነፎች አልነበሩም። ዕጢ እየፈለጉ ነበር። ትኩረት ማለት ራሱ ይሄ ነው፤ የምትፈልገውን ያሳይሃል፣ ሌላውን ይደብቅብሃል። «ልብ በሉ፣ ንቁ» እያሉ መምከር ብዙም የማይረዳው ለዚህ ነው። ሰው በሁሉም ነገር ላይ መንቃት አይችልም። የሚችለው ይዞት የሚዞረውን ጥያቄ መምረጥ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የምወደው ምሳሌ የእኛው ነው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማና እንዶድ።

እ.ኤ.አ. በ1964 አክሊሉ በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት ሳይንቲስት ነበር። ዐድዋ የሄደው ቢልሃርዝያን ለማጥናት ነው። ቢልሃርዝያ የሚመጣው ከጥገኛ ትል ሲሆን መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። የትሉ እንቁላል ከታማሚው ዐይነ ምድር ጋር ወንዝ ይገባል። እዚያ ይፈለፈልና አንድ ዓይነት የውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል። ቀንድ አውጣው ውስጥ ይራባል። ከዚያ የትሉ እጭ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይዋኛል፤ ውሃ ሊቀዳ፣ ሊታጠብ ወይም ሊጫወት የገባ ሰው ሲያገኝ ቆዳውን በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሌለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ስለዚህ ወጣቱ ተመራማሪ በየወንዙ ዳር ቀንድ አውጣ ይፈልግ ነበር።

ወንዙ ዳር ሰዎች ልብስ ያጥባሉ። በእንዶድ ነው የሚያጥቡት። እንዶድ ለከተማ ልጅ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ቤት ግን ነጠላና ጋቢ ሲታጠብበት ደርሼበታለሁ። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ ውሃ ሲነካው አረፋ ያወጣል፣ አቧራው አፍንጫ ውስጥ ሲገባ ያስነጥሳል።

አክሊሉ አንድ ነገር ታየው። ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ አረፋው በሚወርድበት በኩል፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ በዝተው ይንሳፈፋሉ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህን ነገር ያየ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው? በፍጹም ሊሆን አይችልም። በዚያ ወንዝ ሲታጠብ ትውልዶች አልፈዋል። የሞተ ቀንድ አውጣ ግን ለልብስ አጣቢ ምኗም አይደለም። እሷ የምትፈልገው ልብሱ መንጣቱን ነው፤ እንደ ሐኪሞቹ ዕጢ። እሱ ደግሞ ቀንድ አውጣ ፍለጋ ስለመጣ ቀንድ አውጣው ታየው። አንድ ወንዝ፣ ሁለት ጥያቄ።

ቀጥሎ ያደረገው ነገር ለእኔ ከማየቱ ይበልጣል። ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ስብሰባ አልጠራም፣ በጀት አልጠየቀም። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ዕቃ ውስጥ ይዞ፣ ከአጣቢዎቹ አንዷን ከአረፋው እንድትጨምርበት ለመናት። ጨመረችበት። ብዙም ሳይቆይ ሞቱ። ሙከራው ይኸው ነው። አንድ ዕቃ፣ ጥቂት አረፋ፣ የአንዲት ሴት ትብብር። ላቦራቶሪው፣ ልኬቱ፣ የሙያ መጽሔቱ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው።

የመጡትም በቀላሉ አልነበረም። ቀንድ አውጣ የሚገድል ኬሚካል በዓለም ገበያ ላይ ነበር፤ ግን ውድ ነው፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ። እንዶድ ጓሮ ይበቅላል። አክሊሉና ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ዓመታት ፈጅተው የተለያዩ የእንዶድ ዓይነቶችን አወዳደሩ፤ ጠንካራ ሆኖ ያገኙትን ኢ-44 ብለው ሰየሙት። ዐድዋ ላይ ውሃው በእንዶድ ለዓመታት ከታከመ በኋላ ከስድስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ገደማ ወደ 7 በመቶ ገደማ ወረደ። እንደዚያም ሆኖ ዓለም አቀፉ የሳይንስ ማኅበረሰብ የአፍሪካን ላቦራቶሪ ውጤት ለመቀበል ሲያመነታ ብዙ ጊዜ አለፈ። ሁለቱ ሰዎች «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አክሊሉ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

እውነቱን ለመናገር እንዶድ ቢልሃርዝያን ከአገር አላጠፋም። ዛሬ ዋናው መሣሪያ ክኒን ነው። ግን ታሪኩ አንድ ቅጥያ አለው፣ እሱን ሳልነግራችሁ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1990 ዶክተር አክሊሉ የክብር ዲግሪ ሊቀበሉ አሜሪካ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። አካባቢው ትልቅ ሐይቅ አጠገብ ነው። በዚያን ጊዜ ከሌላ አገር በመርከብ የገባ፣ ሜዳ አህያ የመሰለ ዝንጉርጉር ዛጎል ያለው ትንሽ የውሃ እንስሳ እየተራባ የውሃ ቧንቧዎችን ይደፍናል። ሰዎቹ ችግሩን ሲያወሩ እሳቸው የሰሙት ሌላ ነገር ነው። ይሄም እኮ የቀንድ አውጣ ዘመድ ነው! እንዶድ ተሞከረ፤ ገደለው። ጋዋን ለብሰው ለክብር የቆሙ ሰው፣ ከ26 ዓመት በፊት ዐድዋ ወንዝ ዳር ያነሱትን ጥያቄ አሁንም ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ነበር።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ታሪኩ ሲነገር ሁልጊዜ የሚጀምረው ከዶክተሩ ነው። እንዶድ አረፋ እንደሚያወጣ፣ ልብስ እንደሚያነጣ መጀመሪያ ያስተዋለውስ ማነው? አንዲት ሴት አንድ ቀን ፍሬውን በእጇ አሽታ፣ መዳፏን ውሃ ውስጥ ነክራ፣ አረፋውን አይታ «እህ?» ብላ መሆን አለበት። ስሟ የለም። ሽልማትም የለም። ያን ቀን የሠራችው ግን ከዚያ በኋላ ወንዙ ዳር ከተሠራው ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ነው። አየች፣ ጠየቀች፣ ሞከረች።

እስካሁን ስለ ማየት አወራሁ። ስለ መጠየቁስ? የማወቅ ጉጉት ከየት ነው የሚመጣው?

ጆርጅ ሎዌንስታይን የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረበው ማብራሪያ ቀላል ነው። ጉጉት የሚነሳው በምናውቀውና ማወቅ በምንፈልገው መሀል ክፍተት ሲታየን ነው ይላል። ስለ አንድ ነገር ምንም የማናውቅ ከሆነ አያጓጓንም፤ ክፍተቱ አይታይም። ሁሉን የምናውቅ ከመሰለንም አያጓጓንም። የሚያሳክከን ግማሹን ስናውቅ ነው።

እኛ ይህንን ከእሳት ዳር እናውቀዋለን።

«እንቆቅልህ!»

«ምን አውቅልህ!»

«ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት።»

ልጁ ያስባል። እናት? አይደለም። ላም? አይደለም። አያት ዝም ብላ ታየዋለች። መልሱን አትነግረውም፤ ዝም ማለቷ ነው ጥበቡ። ካቃተው «አገር ስጠኝ» ትለዋለች። ልጁ ጎንደርን ይሰጣል፣ አልበቃኝም ትለዋለች፣ ሸዋን ይጨምራል። ይታያችሁ፤ አገር የሚያህል ነገር የሚከፈለው ለአንዲት ትንሽ መልስ ነው። መልሷም ጤዛ ናት። ማለዳ ሲወጣ እግሩን ያረሰችው፣ ረፋድ ላይ ሲመለስ የሌለችው። በማግስቱ ልጁ በሣሩ መሀል ሲያልፍ ቁልቁል ያያል። ጤዛ ድሮም ነበረች። አሁን ግን አገር ተከፍሎባታል።

እንዲህ ሲሆን አእምሮ ውስጥ የሚካሄደውን እ.ኤ.አ. በ2014 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዴቪስ፣ ተመራማሪዎች አጥንተውታል። ሰዎችን የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ መልሱን ከመስጠታቸው በፊት ጥቂት ሰከንድ ያስጠብቃሉ። በዚያች መሀል ከጥያቄው ጋር ምንም የማይገናኝ የማያውቁት ሰው ፊት ያሳያሉ። ሰዎቹ የጓጉለትን ጥያቄ መልስ የተሻለ ማስታወሳቸው አያስገርምም። የሚገርመው፣ እየጓጉ በጠበቁባት ሰዓት ያዩትን የማይመለከታቸውን ፊትም የተሻለ አስታወሱት። ጉጉት ለአንድ ነገር ብቻ በር አይከፍትም። አንዴ ከተከፈተ አጠገቡ ያለውም አብሮ ይገባል። ሽልማት ስንጠብቅ የሚነቃው የአእምሮ ክፍልም በዚያን ጊዜ ይነቃል።

የአያት እንቆቅልሽና የዴቪስ ላቦራቶሪ አንድ ነገር ነው የሚሉን። መልስ ቶሎ አይሰጥ። ስልክ ላይ ያለኝ ቅሬታም ይኸው ነው። ጊዜ ይበላል የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። እኔን የሚያስቆጨኝ ክፍተቱን ገና ሳያሳክክ መድፈኑ ነው። ጥያቄው ከአፌ ሳይወጣ መልሱ ስክሪኑ ላይ ነው፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሁለቱንም ረስቻቸዋለሁ። አሁን አሁን አንድ ነገር ሳልፈልገው በፊት እገምታለሁ። ግምቴን እጽፋለሁ። ስሳሳት፣ አብዛኛውን ጊዜ ነው፣ መልሱ አይጠፋኝም።

በነገራችን ላይ ጉጉት ሁሉ አንድ አይደለም። ጎረቤት ቤት ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ በመጋረጃ ማጮለቅም ጉጉት ነው፤ በእሱ በኩል እጥረት የለብንም። ልዩነቱ ምን ላይ እንደሆነ ሳስብ፣ ወሬ መልሱን ሲያገኝ ያልቃል፤ ሌላ ሰው ጋ ይሻገራል እንጂ አይጠልቅም። የምጣዱ ዓይነት ጥያቄ ግን መልስ ባገኘ ቁጥር ሌላ ይወልዳል። ልጆች የሚያሰለቹን ለዚህ ነው። «ለምን?» ይላሉ፣ ስትመልስ «እሱስ ለምን?» ይላሉ። ሦስተኛው ላይ «ነገር አታብዛ» እንላለን። ብዙ ጊዜ የምንለው ጥያቄው መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን መልሱን ስለማናውቀው ነው።

በቅኔ ቤት ይህን በሥርዓት ያሠለጥኑታል። ተማሪው የዕለቱን ቅኔ ለማዘጋጀት ለብቻው ወደ ጥላ ወይም ወደ ሜዳ ገለል ይላል። ቅኔ መቁጠር ይሉታል። ከዚያ መምህሩ ፊት ያቀርባል፣ ይታረማል። የትናንቱን መድገም ወይም የሌላውን ማምጣት የለም፤ አዲስ መሆን አለበት። ሰምና ወርቅ የሚወጣውም ድሮ ከሚያውቀው ተራ ቃል ነው። ቃሉን ሁለተኛው ትርጉሙ ብቅ እስኪል ድረስ ያየዋል። ከእንጀራው ጋር ሲተያይ ሩቅ አይደለም። ሁለቱም ዘንድ ዓይን እስኪያወጣ መጠበቅ አለ።

«እኔስ ከየት ልጀምር?» ላለኝ ሰው የምለው ብዙ የለኝም። ዝርዝር መመሪያ ያላቸው ሰዎች ያስፈሩኛል። የሠራልኝን ልንገራችሁ። በሳምንት አንድ ነገር እመርጣለሁ። ትልቅ ነገር አይደለም፤ ባለፈው ወር አንዱ ሳምንት የጫማ ጠራጊዎች ብሩሽ ነበር። በየደረስኩበት እሱን አያለሁ። ሳላስበው ስንት ዓይነት እንዳለ፣ ቀለም ለመቀባትና ለማጽዳት የተለያየ እንደሚይዙ፣ ደንበኛውን «እግር ቀይር» ለማለት አፋቸውን ሳይከፍቱ ሣጥኑን በብሩሹ ጀርባ ኳ እንደሚያደርጉት አየሁ። ያን ድምፅ ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼዋለሁ። ቋንቋ መሆኑን ግን ልብ ያልኩት ያን ሳምንት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይሰለቻሉ። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። አእምሮ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ይላችኋል። ትንሽ ከቆያችሁ አውቀዋለሁ ያላችሁት እያለቀ ይመጣል። ጥያቄ የምትመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። እስከዚያው ድረስ መቆየት ነው ከባዱ። እኔ ባትሪ ማለቅ አስፈልጎኛል።

ጥያቄዋ ስትመጣ ደግሞ ርካሽ ሙከራ። አሜሪካ ቨርጂኒያ ያለች የአክስቴ ልጅ በክረምት ሊጧ አልቦካ ብሎ አስቸገራት። እቤት በሦስት ቀኑ የሚደርሰው እዚያ በአምስተኛው ቀንም ዝም ነው። ጤፉ ነው፣ ውሃው ነው፣ እየተባለ በስልክ ብዙ ተመካከርን። አንድ ማታ የኦቨኑን መብራት ሳታጠፋ ረሳችው። ጠዋት ስትከፍተው ውስጡ ለብ ብሏል። እሳት የለም፣ አምፖሏ ብቻ ናት። ሊጡን በሚቀጥለው ቀን እዚያ አሳደረችው። ተነሳ። አሁን ክረምት በመጣ ቁጥር ሊጧ መብራት በርቶለት ያድራል። እሷ ይህንን ፈጠራ ብላ አትጠራውም። «መላ አገኘሁለት» ነው የምትለው። ምናልባት የምንፈልገው ቃል ይሄ ነበር። መላ።

ወደ ምጣዱ ልመለስ።

መልሱን እኔ ቤት ሆኜ ገመትኩ፣ ግምቴን ጻፍኩ፣ ከዚያ አነበብኩ። ግማሹን ስቻለሁ። ሊጡ ሲቦካ እርሾው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ጋዝ ይሠራሉ። ጋዙ ሊጡ ውስጥ ታምቆ ይቀመጣል። ሊጡ ትኩስ ምጣድ ላይ ሲያርፍ ሥሩ ወዲያው ይጠነክራል፤ የምጣዱን ልስላሴ ይዞ ይቀራል። ጋዙና እንፋሎቱ ወደ ታች መውጫ የላቸውም፣ ሽቅብ ይሄዳሉ። ከላይ ገና እርጥብ ስለሆነ በስተው ይወጣሉ። ቀዳዳው ተመልሶ ሳይገጥም ዙሪያው ይበስላል። ያ ነው ዓይን። ተገልብጦ ቢጋገር ይደፈን ነበር፤ እንጀራ የማይገለበጠው ለዚህ ነው።

ያላወቅኩት የአብሲቱን ነገር ነው። ከቦካው ሊጥ ትንሽ ተቀንሶ፣ በውሃ ቀጥኖ፣ እሳት ላይ እየተማሰለ እስኪወፍር ይበስልና ወደ ሊጡ ይመለሳል። ልጅ ሳለሁ ይህን ሥራ ለምን እንደሚደክሙበት አይገባኝም ነበር። ጤፍ ስንዴን የሚያለጥጠው ዓይነት ፕሮቲን የለውም። ጋዙን የሚይዝለት ነገር ይፈልጋል። አብሲቱ ሲበስል ስታርቹ ያብጣል፣ ይወፍራል፤ ሊጡ ውስጥ ሲገባ ጋዙ በዋዛ እንዳያመልጥ ይይዘዋል። ሊጡም ኩፍ ይላል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። እያሰሰች አዳመጠችኝ። የጎመን ዘሩ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል።

«አብሲት የሌለበት ሊጥ ዓይን አያወጣም ነው የምትለው?»

«አዎ።»

«እሱንማ ማን አጣው» አለች። ትንሽ ቆየችና፣ «ግን ሞክሬው አላውቅም» ብላ ማሰሻውን አስቀመጠች።

አብሲት ካልገባበት ሊጥ አንድ ጣሳ ያህል ለይታ አስቀምጣ ኖሯል፤ ለሌላ ነገር። እሱን አመጣችው። ከዳር ጀምራ አዞረችው። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን። አንዲት ቀዳዳ ዳር ላይ ብቅ አለች። ሌላ መሀል ላይ። ሌላ ወዲያ ማዶ። ከዚያ ዝም። አክንባሎውን ከድና ከፈተችው፤ ፊቱ ገርጥቶ፣ እንደ አፈር ደርቆ፣ ጠርዙ ሊሰነጠቅ ደርሷል።

ወደ ሰፌዱ ሳበችውና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው።

«ዕውር ሆነ» አለች። ከዚያ ሌላ ጭልፋ ሊጥ ቀዳች። «እስቲ አሁን ደግሞ አብሲቱን ግማሽ እናድርገውና እንየው።»